አንድ ኪሎባይት

ከድንበር ማዶ፣ ሶማሊኛ በሚነገርበት ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ድሬዳዋ ስላደግኩ አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ሌላውን ሱቅ አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ብዙዎቹ ይዘውልኝ የሚመጡት ስህተት አንድ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ፋይሉ የሚመራውን ምልክት ብቻ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ፋይሉን የያዙ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቤት ሠራተኛ ፍላሽ ይዛ መጣች። አሠሪዎቿ ወደ ውጭ ሲሄዱ ላፕቶፓቸውን ሸጡት። ወንድሟ ከሀገር ቤት ቀርጾ በሚሞሪ ካርድ የላከላት የእናቷ ቪዲዮ እዚያ ላይ ስለነበር ከመሸጡ በፊት ገልብጣለች፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሞክራውም ተከፍቶላት ነበር። አሁን እናቷ ሞታለች፣ ቪዲዮው አልከፈት ብሏል፣ ሌላ ቅጂም የላትም።

ፍላሹን ሰካሁት። አንድ ኪሎባይት።

«እህቴ፣ ይሄ ሾርትከት ነው። ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል» አልኳት።

«ላፕቶፑ የትኛው እንደሆነስ አይናገርም?»

ያልጠበቅኩት ደህና ጥያቄ ነበር። ሾርትከት በዓይን አይታይም እንጂ ብዙ ነገር ይይዛል። ጥቂት መስመር ኮድ ጽፌ አስነበብኩት፦ ቪዲዮው የተቀመጠበት ቦታ፣ መጠኑ፣ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓት፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ የዲስኩ መለያ ቁጥር።

«ኢንሻአላህ ይገኛል» አልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምገዛውን አሮጌ ላፕቶፕ ሁሉ ስሙንና የዲስኩን ቁጥር ደብተር ላይ ሳልመዘግብ አላጸዳም። ለወጉ ያህል ደብተሩን ገለጥኩ። ስሙም ቁጥሩም እዚያ ነበሩ።

ላፕቶፑ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሳጸዳ ጥርግ አድርጌ ነው፤ ማንም መልሶ እንዳያገኘው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ እሞላዋለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ያን ጊዜ ግን ምነው እጄን በሰበረው አልኩ።

መዋሸት እችል ነበር።

«እኔ ጋ ነው። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አልኳት።

መደርደሪያውን አየችው። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«የተቀረጸበት ቀን አለ አላልክም?»

«አለ።»

«እሱን ጻፍልኝ።»

ብጣሽ ወረቀት ላይ ቀኑን ጻፍኩላት፤ ሰዓቱንም ጨመርኩበት። ተቀብላኝ ቆማ አነበበችው።

«ለካ ጠዋት ነበር» አለች።