ዙሪያው አሥራ ስድስት ገመድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዲሬክተሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ ሰጡኝና፣ «ልጆቹ ማባዣውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ምን እንደሚሠራበት ግን አያውቁም» አሉኝ። ቦታው ታች ጋይንት፣ በጃንሆይ ዘመን የተከፈተች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ናት። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ ጥጋበኛ ነበርኩ፤ ጋይንትን በሒሳብ ላቀና የመጣሁ መሰለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ የሒሳብ እንቆቅልሽ መስጠት ያዝኩ። አርብማ ተማሪው ሁሉ አርብ ገበያ ስለሚወርድ የሚቀረኝ ወንበር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ይህ ነበር። በአንድ ግቢ በጎችና ዶሮዎች አሉ፤ ራሳቸው አሥር፣ እግራቸው ሃያ ስምንት ነው። በጎቹ ስንት ናቸው? መፍትሔው፦ ሁሉም ዶሮ ናቸው እንበል። እግራቸው ሃያ ይሆናል፤ ስምንት ይጎድላል። አንድ ዶሮ በበግ በተለወጠ ቁጥር ሁለት እግር ይጨመራል። ስለዚህ በጎቹ አራት፣ ዶሮዎቹ ስድስት ናቸው። ልጆቹ እቤት ሄደው አባቶቻቸውን ሲፈትኑ፣ በሦስተኛው ዓመቴ «እንቆቅልሽ ፈቺው» ተባልኩ። ስሙን ወደድኩት፤ አልዋሽም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ የመጡት ይህንኑ ሰምተው ነው። ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ናቸው፤ የአባታቸውን ርስት ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ካሣ ጋር ተካፍለው፣ ድርሻዬ አነሰ ብለው አጥቢያ ዳኛ ዘንድ ከሰዋል። በዚያ አገር ርስት ሲከፈል ሽማግሎች ገመድ ይዘው ድንበሩን ይዞራሉ፤ ዙሪያው እኩል ከመጣ ድርሻው እኩል ነው ተብሎ ይማልበታል።

«አስተማሪ፣ ዙሪያው እኩል ነው አሉኝ» አሉ። «ታዲያ የሱ ስምንት ቁና ዘር ሲበላ የኔ አራት አይሞላ። መሬትስ ይዋሻል?»

ሄጄ ለካሁ። የአቶ ካሣ ድርሻ በየጎኑ አራት ገመድ ነው፤ ዙሪያው አሥራ ስድስት። የወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ገደል አፋፍ ላይ የተጋደመ፣ ርዝመቱ ሰባት፣ ወርዱ አንድ ገመድ ነው፤ ዙሪያው ያው አሥራ ስድስት። ሁለቱንም መሬት ላይ ሥዬ፣ አንድ ገመድ በአንድ ገመድ ከፋፈልኳቸውና በየክፍሉ አንዳንድ ባቄላ አስቀመጥኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቆጠሩ። በወንድማቸው አሥራ ስድስት፣ በእሳቸው ሰባት። ደግመው ቆጠሩና፣ «ይችን ለዳኛው ይንገሩልኝ» አሉ። ቃል ገባሁላቸው።

የችሎቱ ዋዜማ ዲሬክተሩ አስጠሩኝ።

«ትምህርት ቤቱ የቆመበትን መሬት ማን ሰጠን?» አሉኝ።

«አቶ ካሣ።»

«እንግዲያው እንቆቅልሽህን ከተማሪዎችህ ጋር ጨርስ። ስማዳ ቆላ መዛወር ካማረህ ግን የራስህ ጉዳይ ነው።»

ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ ያን ሌሊት ያሰብኩት እሱን ስለሆነ ነው።

ችሎቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራ ሥር ተቀመጠ። አጥቢያ ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

«ለክተሃል አሉ። የሁለቱ ዙሪያ እኩል ነው፣ አይደለም?»

«እኩል ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠበቁኝ። ኋላ፣ «ባቄላውንስ፣ አስተማሪ? ባቄላውን ይንገሯቸው እንጂ» አሉ።

«የምን ባቄላ ነው?» አለ ዳኛው።

«ለልጆች የምሠራው ጨዋታ ነው» አልኩ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። ክፍፍሉ እንዳለ ጸና።

ከችሎቱ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ወይዘሮ ጥሩነሽ ያችኑ ቁራሽ ለወንድማቸው ትተው፣ ንፋስ መውጫ ሰው ቤት እህል እየፈጩ ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። አንድ ቀን እዚያው ከተማ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና «እንደምን ዋሉ» አልኩ። «ደህና» ብለው አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በዚያው ዓመት ምክትል ዲሬክተር ሆኛለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ። ለወጣት መምህራን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳኛው የጠየቀኝን በትክክል መልሻለሁ፤ ሴትዮዋ መሬታቸውን ያጡት በዚያ መልስ ነው። የሚያውቅ ሰው ያልተጠየቀውንም መናገር አለበት። እኔ አልተናገርኩም።