የሳር አጫጇ ሰላምታ

የሆስፒታሉን ሳር አጫጅ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ወገቧንና ጆሮዋን ነው። መግፋት ይቅርላት ተብሎ ሰሞኑን የመጣው፣ ላዩ ላይ ተቀምጣ የምትነዳው ማጨጃ ደግሞ ፊቷንም ያስከፍላት ጀመር። ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል፤ ያውም ሁልጊዜ ሰው ሲያልፍ። ሞተሩን በእሳት ፍንጣቂ የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትታ ጠረገች፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈች፤ ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ብሶቷ ገንፍሎ፣ ነዳጅ በሚሰጧት በንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ላይ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ጮኸች።

"ጋሼ፣ ቤንዚኑን በውሃ እያቀጠኑት ነው!"

ሽማግሌው በማግስቱ ማጨጃውን ራሳቸው ሊያዩ መጡ። ብትቀየማቸውም ታላቅ ሰውን ቁጭ ብላ ሰላም ማለት አልለመደባትምና፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሞተሩ ጠፋ።

"እስኪ ተቀመጪና አስነሺው" አሏት። ተነሳ።

"አሁን ብድግ በይ።" ጠፋ።

ከወንበሩ ሥር ያለውን ማጥፊያ አሳዩዋት። ነጂው ቢወድቅ ስለቱ እንዳይቆርጠው፣ ወንበሩ ላይ ሰው ከሌለ ሞተሩን ያጠፋል።

"አየሽ ልጄ፣ አክብሮትሽ ነው የሚያጠፋው" ብለው ሳቁ።

እሷ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለአላፊ አግዳሚው ስትነሳ ከርማ፣ ያዋረደችው እኚህን አባት ነው! እዚያው ሠራተኛው ፊት ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ዛሬም ሲያልፉ ቀና ብላ ማየት ይከብዳታል።

እናንተንም እንዲህ ስትል ትለምናለች፦ "ቁጭ እንዳልኩ እጄን ባነሳላችሁ ንቀት አይምሰላችሁ። ጋሼን በውሃ የሚያማ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ ወሬው ከእኔ እንደወጣና ውሸት እንደሆነ ንገሩልኝ።"