ኦረስት አጥሩን የቆረጠበት ሐምሌ

ኦረስት ማካሪክ አጥር ይወዳል። ሌላው ሰው ስለ ልጆቹ እንደሚያወራው እሱ ስለ አጥሩ ያወራል። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ አባቱ የተከሏቸውን ቋሚዎች አንድ በአንድ እየነቀነቀ ይፈትሻል፤ የላላውን ሽቦ ይወጥራል። "መግባት ክልክል ነው" የሚለውን ሰሌዳም በቀይ ቀለም ጽፎ በአራቱም ማዕዘን የሰቀለው እሱ ራሱ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። የጎረቤት ትራክተር ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ኦረስት ነው። አጥር ግን አጥር ነው።

እኛ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለን ትንሽ የስንዴ ከተማ ነን። እኔ የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ነገሩ ሲጀመር እዚያው ነበርኩ። ያን ዓመት ከንቲባዋ አዲስ ሥርዓት አመጣች። ከስብሰባ በፊት አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ የቆምንበት መሬት የአገሩ ነባር ባለቤት የክሪ ሕዝብ መሬት መሆኑንና እኛም ምስጋና እንደምናቀርብ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ያነባል። ሚያዝያ ላይ ተራው የኦረስት ሆነ። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን መመሪያ የሚያነብ ይመስል በአንድ ትንፋሽ አንበለበለውና ተቀመጠ።

ያን ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ሉዊዛ ኋይትካፍ ተቀምጠው ነበር። ከከተማዋ ሃያ ኪሎ ሜትር ከሚርቀው የክሪ መንደር ነው የመጡት፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የሚያውቃቸው ሁሉ ኮኩም ይላቸዋል፣ አያት እንደማለት ነው። የመጡት በረዶ ጠራጊው መኪና መንደራችን ድንበር ላይ ሲደርስ እየዞረ ይመለሳል፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት መሄድ አቃታቸው ብለው ሊያመለክቱ ነው። የኦረስትን ንባብ ሲሰሙ ግን እጃቸውን አወጡ።

"ጨረስክ ልጄ?" አሉት።

ስልሳ ስምንት ዓመት የሆነው ኦረስት ግራ ገባው። "አዎ፣ ወይዘሮ ኋይትካፍ።"

"መሬቱ የናንተ ነው፣ እናመሰግናለን አልክ። ደግ ነው። እንግዲያው በሩን ክፈትልኝ።"

"የትኛውን በር?"

"ያንተን ነዋ። ከቤትህ ጀርባ ባለው ኮረብታ እናቴና እኔ ፍሬ እንለቅም ነበር። አባትህ ካጠሩት ወዲህ ከመንገድ ላይ ሆኜ ነው የማየው።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም የምጽፈው ቢጠፋኝ ቃለ ጉባኤው ላይ "ሳቅ" ብዬ ጻፍኩ። ኦረስት ብቻ ጆሮው ቀልቶ፣ የግል ይዞታ የምክር ቤት አጀንዳ አይደለም ብሎ አጉረመረመ። የበረዶ ጠራጊው ጉዳይም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ወሬው በስልክ ቀድሞት ስለነበር ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዳርካ በረንዳ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ለመሆኑ በዚያ በኩል በር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልነበረም። አባትና ልጅ ስልሳ ዓመት ሲያጥሩ በኮረብታው በኩል በር ማበጀት ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

"ጉድህ ነው" አለች ዳርካ፣ "መክፈቱ ሳያንስ ልትሠራውም ነው።"

ሦስት ቀን አጥሩን ሲዞር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን መኪናውን አስነሥቶ ኮኩም ቤት ሄደና ወንበር ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ደንቦቹን ደረደረ። በሩ ተከፍቶ አይቅር፣ ላሞቹ አይነኩ፣ ቆሻሻ አይጣል። ኮኩም እስኪጨርስ ሰምተው፣ እሳቸውም አንድ ደንብ እንዳላቸው ነገሩት፤ እሱም አብሯቸው ይለቅማል።

ሐምሌ ሲገባ ኦረስት በር ሊያበጅ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠ። ዳርካ እንዳለችው፣ ጥርሱን ያለማደንዘዣ የሚነቅል ነበር የሚመስለው። አንዲት አሮጊት ትመጣለች ብሎ ሲጠብቅ ሦስት መኪና ሙሉ አሥራ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ ወረደ። ኮረብታው ላይ ሳስካቱን የሚባለው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ኦረስት እጁን ሊሰድ ሲል ኮኩም ያዙት። ከኪሳቸው ትምባሆ ቆንጥረው ከቁጥቋጦው ሥር አኖሩና በክሪ ቋንቋ ጥቂት ተናገሩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ከመውሰድ በፊት ማመስገን ነው አሉት።

"እኛም እኮ እናመሰግናለን" አለ ኦረስት።

"ትምባሆውን ትረሱታላችሁ" አሉት፤ ልጆቻቸው በሳቅ ፈነዱ።

እየለቀሙ ሳሉ ኮኩም ስለ አያታቸው አጫወቱት። በዚያ ዘመን ክሪዎች ከተከለለላቸው መንደር ለመውጣት የመንግሥት ሹም የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። አንድ ዓመት ፍሬው ሲበስል ሹሙ ለዕረፍት ሄደ። አያታቸውና ሌሎቹ ሴቶች ባልዲያቸውን አዘጋጅተው ሦስት ሳምንት ጠበቁት። ሲመለስ ፍሬው ረግፎ አልቆ ነበር። ኮኩም ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸውም መልቀሙን አላቆመም።

ኦረስት ባልዲውን አስቀምጦ ቁልቁል ወረደና "መግባት ክልክል ነው" የሚለውን ሰሌዳ ነቀለ። ከዚያ የቀሩትንም ሦስቱን ዞሮ ነቀላቸው። ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ኮኩም ከባልዲያቸው አንድ እፍኝ ዘግነው ሰጡት።

ጎረቤቱ ግሌን በነዳጅ ማደያው አሾፈበት። ነገ ደግሞ የቤትህን ቁልፍ ትሰጣቸዋለህ አለው። "ቤቴን ቆልፌ አላውቅም" አለ ኦረስት። "የቆለፍኩት ኮረብታውን ብቻ ነበር።" ግሌን ሳቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ወንዝ ዳር ባለው ማሳው ላይ በር አበጀ። ሌሎች አራት ገበሬዎችም ተከተሉት።

መስከረም ላይ ኦረስት ለምክር ቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፉ ይነበብ፤ ከዚያ ግን ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ምን እንደሠራን እንናገር። በመጀመሪያው ወር ሁላችንም ጣራ ጣራ አየን። እፍረቱ አስተማረን መሰለኝ፣ በሁለተኛው ወር በረዶ ጠራጊው ድንበሩን አልፎ እስከ መንደሩ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ያለ አንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ሹፌሩን በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ እሱም ጥሩንባውን እየነፋ ሁለቴ ዞረላቸው።

በቤተ መጻሕፍቱም የክሪ ቋንቋ ትምህርት ተጀመረ። አስተማሪዋ የኮኩም የልጅ ልጅ ኒና ናት። ኦረስት ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ፣ በውጤት የመጨረሻው ነው። አንድ ቀን "ደስ ብሎኛል" ሊል "ርቦኛል" ቢል ኒና ሳንድዊችዋን ግማሽ አድርጋ ሰጥታዋለች።

ሁሉም ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ክሪዎች ያነሡት የመሬት ክርክር ገና ፍርድ ቤት ነው፤ ኮኩምም አንድ ኮረብታ ያው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው ይላሉ። ቢሆንም በዚህ ሐምሌ ኦረስት ቤት ስሄድ ዳርካና ኮኩም ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። ዳርካ ፍሬውን በሊጥ ጠቅልላ ልትቀቅል ስኳር ስትነሰንስ፣ ኮኩም ይህን የመሰለ ፍሬ በስኳር ማበላሸት ነውር ነው ይሏታል። ኦረስት አስታራቂ መስሎ ገባና የሁለቱም ጣፋጭ ነው አለ። ሁለቱም በአንድ አፍ ውጣ አሉትና ባልዲዎቹን ሊያጥብ ወጣ።