በሁዳዴ አጥንት የሚያኝከው በሬዬ

በሁዳዴ የሚገድፍ በሬ ያላት ሴት በአገሩ ብትኖር እኔ ነኝ። ከጅጋ በታች ባለችው መንደራችን ሰው ሁሉ በሽሮና በቆሎ ጾሙን ሲገፋ፣ የእኔ ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬዬ፣ ሜዳ ላይ የተጣለ የከብት አጥንት አንስቶ ሲቆረጥም ይውላል። ሴቶቹ ውሃ ስንቀዳ፣ የበሬሽ የንስሐ አባት ማን ናቸው እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም አፌ አያርፍም፤ ከእናንተ ባሎች ይሻላል፣ እሱ በግልጽ ነው የሚገድፈው እላቸዋለሁ።

ሹፈቱስ ይቻላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ በሬ አንድ ነው፤ ጎረቤቴ ሽማግሌም ያላቸው አንድ ነው። ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተን እሳቸው የኔንም የራሳቸውንም መሬት በተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ የምንለው ነው። ቦራው ግን ፀጉሩ ቆመ፣ እግሩ ተሳሰረ፣ ጥቂት ትልም ሳይሄድ መተኛት አመጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እቴ፣ እስከ ግንቦት ልደታ እጠብቃለሁ። ካልበረታ ሌላ ቀናጅ እፈልጋለሁ፤ አትቀየሚኝ» አሉኝ።

ተቀየምኋቸው እንጂ! መሬቴን ለእኩል አራሽ ልሰጥ ነው ማለት ነው። የእህሉ እኩሌታ ደግሞ እኔንና ልጆቼን ከዓመት ዓመት አያደርሰንም። አንዴ መሬቷን የሰጠች ሴት መልሳ እንደማታገኘው በዓይኔ አይቻለሁ።

እና ምን አደረግሁ? ከሐሜትም ከአጥንትም ላድነው ብዬ ግቢ ውስጥ አሰርሁት። የጤፍ ጭድ እስኪጠግብ ከመርሁለት። ጠበልም አስረጨሁት። ሆዱ ሞላ፣ ጎድኑ ግን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ጭራሽ አንድ ጠዋት አጥር ላይ ያሰጣሁትን ነጠላ ስቦ ሲያኝክ ደረስሁ። በአርጩሜ ገረፍሁት። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

በማግስቱ እየጎተትሁ ወደ ቀበሌያችን የእንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ወጣት ናት፤ መርፌ ወግታልኝ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ምን እንደሚበላ፣ አጥንቱን ከመቼ ጀምሮ እንደለመደ ጠየቀችኝ። ነጠላውንም ጭዱንም ነገርኋት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «በሬዎ አልባለገም። የጎደለውን ነው የሚፈልገው።»

ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል አለችኝ፤ ከብት ያ ሲያንሰው አጥንትና ጨርቅ ያምረዋል፣ መገጣጠሚያውም ይደክማል። ጨው እኮ ነፍጌው አላውቅም ብዬ ተከራከርሁ። ተራ ጨው ያንን አይተካም አለች። የስንዴ ፉርሽካና ኑግ ለዘይት ሲጨመቅ የሚቀረውን ፋጉሎ እንድሰጠው፣ ማዕድን የተቀላቀለበት የሚላስ ጨውም እንዳስቀምጥለት ነገረችኝ። ሜዳ የወደቀውን አጥንት ግን በሽታ ስላለበት ከአፉ እንዳርቅ አስጠነቀቀችኝ። አፈርሁ። ለካ በሬዬን በጥጋብ አስርቤው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ከልጆቼ እኩል ቀለብ የሚሰፈርለት እሱ ሆነ። ፉርሽካውን በውሃ አርሼ፣ ፋጉሎውን ደቁሼ ጠዋት ማታ አቀርባለሁ፤ የሚላሰውን ጨው ደግሞ ምላሱ እስኪደክም ይልሰዋል። ሴቶቹ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ይበሉ! ከትንሣኤ በፊት ሜዳ ሳወጣው አጥንት አልፎ መሄድ ጀመረ፤ ከትንሣኤ በኋላ ፀጉሩ ተኛ፣ አንፀባረቀም። እኔም ለልደታ የቀሩትን ቀናት በጣቴ እቆጥር ጀመር።

በልደታ ማግስት ሽማግሌው ቀንበር ተሸክመው መጡ። ፊታቸው ለፍቺ እንደመጣ ሰው ነበር። በሬዎቹን ጠመዱ፤ እኔ ዳር ቆሜ እመቤቴን እለምናለሁ። አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም፣ ቦራው ድካም የሚባል አላወቀም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ምላሱን አውጥቶ የቆመው የሽማግሌው በሬ ነበር። ቦራው ሊቀጥል ቀንበሩን ይስባል!

ሁለት ወር ሙሉ ለሳቸው ያሰናዳሁት ስድብ ነበረኝ። ሽማግሌው ላባቸውን ሲጠርጉ ጠጋ ብዬ፣ «አያ፣ ሌላ ቀናጅ አገኙ ወይ?» አልኋቸው።

መጀመሪያ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ቦራውን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ይቅር በይኝ፣ እቴ» አሉ። «ዘንድሮ መጀመሪያ የሚዘራው ያንቺ ነው።»

የቀረውን ስድብ ረሳሁት። ትልሙ መሃል ገብቼ እልልታዬን አቀለጥሁት፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። መሬቴ ከእጄ አልወጣም።