ሙሉው ጥቅልና ግማሹ

በጃንሆይ ዘመን ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ ጎባ ሆስፒታል የገባሁ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ መቀስና ምላጭ መቀቀል ነበር። ዶክተሩ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ጥቂት፣ ትዕግሥቱ ከዚያም ያነሰ።

በዚያው ዕለት ኦቦ ጀማል የሚባሉ የጎሮ ገበሬ ለቃር ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቃር ስል ሹሮ በልቶ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም። የጨጓራቸው አሲድ እየተመለሰ ጉሮሯቸውን አቁስሎት ጋደም ማለት አይችሉም ነበር። ዶክተሩ የጨጓራቸውን አናት በምግብ ቧንቧው ዙሪያ እንደ ሻሽ ሙሉ ጠቅልሎ ሰፋው። በኋላ ለአንድ የሃረና ቡና ለቃሚ ደግሞ ግማሽ ዙር ብቻ ጠቀለለ።

«የትኛው እንደሚሻል ከርሞ ነው የሚታየው» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ አዴ መርየማ መጡ። አያና የሚሉት መንፈስ ያለባቸው ሴት ናቸው። አያናው ሲወርድባቸው መጀመሪያ ከሆዳቸው አየር እያወጡ ደጋግመው ያገሳሉ፤ ከዚያ የሳቸው ያልሆነ ድምፅ ይናገራል። አገሬው ይህን ለመስማት ከሩቅ ይመጣል። አሁን ግን በዚያው ቃር ጉሮሯቸው ቆስሎ ምግብ አልወርድ ብሏቸው አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ካልተሠራላቸው እንደሚሞቱ ዶክተሩ ቁርጡን ነገረኝ። ሙሉ ይሁን ግማሽ ግን አልቆረጠለትም።

«ሂድ፣ ሁለቱን በሽተኞች አይተህ ና» ብሎ በቅሎ አሰጠኝ።

ጎሮ ስደርስ ኦቦ ጀማል ፊታቸው ወዝ አውጥቷል።

«ቃሩስ?» አልኳቸው።

«ድራሹ ጠፋ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሚስታቸው ከደጃፉ አልገባ ብለው ቆመዋል። «ሆዱ ውስጥ የሚያወራ ነገር አለ» አሉኝ። «አብሬው መተኛት ትቻለሁ።»

ጥቅሉ ከመጥበቁ የተነሳ ሰውየው ማግሳትም ማስመለስም አይችሉም። ማዳመጫዬን ሆዳቸው ላይ አኖርኩ። ከግድግዳ ጀርባ ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስል ነበር። አንዱ ያወራል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። መውጫ ያጣ አየር መሆኑን አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ። ቢሆንም የሚሉትን ለመለየት ማዳመጥ ቀጠልኩ።

ኦቦ ጀማል ዓይን ዓይኔን እያዩ «አንተም ሰማህ» አሉ። ቶሎ ብዬ ማዳመጫዬን ጠቀለልኩ።

የሃረናው ሰው ቅባት ሲበላ ቃሩ ይመለስበታል፤ ትራሱንም ከፍ አድርጎ ነው የሚተኛው። ግን ፊቴ ላይ ያለ ምንም እፍረት አገሳልኝ። እቅፍ አድርጌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ተመልሼ ያየሁትን ለዶክተሩ ነገርኩት። «ሙሉው አጥብቆ ይይዛል፤ ግማሹ ይላላል» አለ። «ትምረጥ።»

ለአዴ መርየማ የጎሮውንም የሃረናውንም ሳልደብቅ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ግማሹን እንደሚመርጡ እርግጠኛ ነበርኩ። ካላገሱ አያናው አይወርድም፤ ክብራቸውም ኑሯቸውም እሱ ነው።

«ሙሉውን» አሉ።

«አስበውበታል?»

«ልጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጋልበኝ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም። በሩን ዝጉልኝ።»

አንጀቴን በሉት። ለዶክተሩ እንዳሉት ነገርኩት፤ እንዳሉትም ሠራላቸው።

ቁስላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጎ ዳነ። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ገንፎ ወረደላቸው፤ በእግራቸው ሄደው አገራቸው ገቡ።

በዓመቱ ለምርመራ ሲመጡ ጉንጫቸው ሞልቷል። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን አይቶ ፊቱ በራ፤ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

«አያናውስ ተወዎት?» አልኩ።

እጄን ይዘው ሆዳቸው ላይ አኖሩት። ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ዞረ። ዝቅ ያለ፣ የተጎተተ ድምፅም አሰማ። እጄን ልስብ ብል አጥብቀው ያዙኝ።

«በሩን ስትዘጉት እኮ» አሉኝ፣ «እሱ አስቀድሞ ገብቶ ነበር።»

ዶክተሩ ሙሉው ጥቅል ይሻላል ብሎ ደመደመ። ስለ ጉሮሮው ከሆነ እውነቱን ነው። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የታከመን ሰው «ምን ተሻለህ?» ብዬ ብቻ አልሸኘሁም። «ምንስ አዲስ ነገር መጣብህ?» እላለሁ፤ ተናግሮ እስኪጨርስም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።