ዶሮዋ ያልነበረችበት ተረት

እናቴ ያን ቀን ሽታውን አላወቀችውም ነበር? ይህን ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። ትምህርት ቤት ይዤው ሄድሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ይዤው ገባሁ፣ ተመርቄም ይዤው ወጣሁ። እናቴን ለመጠየቅ አፌን የከፈትሁት ግን ገና ዘንድሮ በኅዳር ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ሲሆን የቅርንፉድና የዝንጅብል ሽታ የሚወጣው ከአንድ ቤት ብቻ ነበር። ቤቱ የእማማ ይታይሽ ነው። እማማ ይታይሽ ባልም ልጅም ያልነበራቸው ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው በአንድ የእርሻ ካምፕ ወጥ ቤት ሲሠሩ ብስኩት መጋገር ተምረዋል። በዓሉ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ግን የተማሩትን እንዳለ መጋገር አይችሉም፤ ስለዚህ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። በወተት ፋንታ ተቆልቶና ተወቅጦ የተጠለለ የሱፍ ውኃ፣ በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይት፣ በዕንቁላል ፋንታ ደግሞ ተዘፍዝፎ ሲያድር የተዝለገለገ ተልባ ያደርጉበታል። ቀረፋውን፣ ኮረሪማውን፣ ቅርንፉዱንና ዝንጅብሉን በዚያው ዕለት በሙቀጫ ይወቅጡታል። የገብርኤል ማኅበርተኞች በያመቱ የእማማ ይታይሽን ብስኩት ሲጠብቁ ይከርማሉ።

ኦቭን የሚባል ነገር ቤታቸው አልነበረም። በትልቅ ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ ያነጥፋሉ፣ ትሪውን በአሸዋው ላይ ያኖራሉ፣ ከዚያ ክዳኑ ላይ ፍም ይቆልላሉ፤ ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት። ሰዓትም አልነበራቸውም። ሰዓታቸው ተረት ነበር። አንድ ትሪ፣ አንድ ተረት። የመጀመሪያው ትሪ አሸዋው ገና ስላልጋለ ረጅም ተረት ይፈልጋል፣ መሐል ላይ ያሉት እያጠሩ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻው ደግሞ ፈጣን ነው። ያኔ እኔ ከምድጃው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ፍሙ እየለበለበኝ፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ የእጃቸውን ጥላ ሲያርገበግብ እያየሁ እሰማቸዋለሁ። ልጠይቅ ብዬ ካቋረጥኋቸው «ዝም በይ፣ ታሳርሪኛለሽ!» ይሉኝና እስቃለሁ። ከሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ስለነበርሁ፣ ዝም በይ መባል ደስ የሚለኝ እዚያ ቤት ብቻ ነበር።

ለመጨረሻው ትሪ ምንጊዜም የሚነግሩኝ የድመቷንና የውሻውን ተረት ነው። የቤቲቱ እመቤት ቅቤዋን በቅል አስቀምጣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ድመት ቅቤውን ልሳ ትጨርስና፣ የእመቤቲቱን ኮቴ ስትሰማ አፏን በተኛው ውሻ አፍ ላይ ትጠርጋለች። እመቤቲቱ ገብታ የውሻው አፍ ወዝቶ ብታይ በፍልጥ እያለች ታስወጣዋለች። «ይኸው እስከ ዛሬ» ይላሉ እማማ ይታይሽ፣ «ድመት ከምድጃ፣ ውሻ ከደጅ።» ደጅ ካሉ ትሪው ወጣ ማለት ነው። አንድ ጊዜም አሳርረው አያውቁም።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ዓመት ማኅበሩን የመደገሱ ተራ የእማማ ይታይሽ ነበር። በዋዜማው ጠዋት እናቴ ሹሩባ አሠርታኝ፣ ራሷ የወቀጠችውን አደስ ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሳ አናቴን ቀባችኝ። በጾም ቅቤ ለራስ እንጂ ለአፍ አይሆንም። ዓይን አፋር ነበርሁ፣ በመልኬም የምኮራበት ነገር አልነበረኝም፤ በዚያ ሹሩባ ግን ኮራሁ። ከሰዓት በኋላ እማማ ይታይሽ ቤት ስገባ አዩኝና ሣቁ። «እሰይ፣ ሙሽሪት መጣች! በይ ሙሽራዬ፣ ሻሽሽን እሰሪ፤ ራሱን ያላሰረ ሊጤን አይነካም» አሉኝ። አሰርሁ። ሊጡን እንዳሽ ሰጥተውኝ ለክዳኑ የሚሆን ተጨማሪ ፍም ከጎረቤት ሊያመጡ ወጡ።

ሻሹን ፈታሁት። ለምን እንደፈታሁት ዛሬም በደንብ አውቃለሁ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ መስታወት ነበረቻቸውና ራሴን ላይ ፈለግሁ። አየሁ፣ ተመልሼም ሻሹን ሳላስር ሊጡ ላይ አጎነበስሁ። ከምድጃው ሙቀት የተነሣ ቅቤው ቀልጦ በግንባሬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ልጠርገው እጄን ሳነሣ ጠብ አለ። አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ አልቆጠርሁም። ቢጫ ጠብታዎቹን በሊጡ ላይ አየኋቸው። የእማማ ይታይሽ ኮቴ ከደጅ ሲሰማ ሊጡን አጠፍሁት፣ አሸሁት፣ ሻሼንም አሰርሁ። ምድጃ ዳር ተቀመጥሁ፤ ተረቱ ተጀመረ። ያን ዕለት አንዱንም አላቋረጥኋቸውም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ተቀምሶ፣ ብስኩቱ በሰፌድ ዞረ። እናቴ አንዱን አነሣችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። አየችው፣ እንደገና አሸተተችው፣ ከዚያ አንድ አፍታ ወደ እኔ ተመለከተች። ያቺን አፍታ ነው እስከ ዛሬ ስመዝናት የኖርሁት።

«ይኼ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል» አለች።

«ኧረ በገብርኤል!» አሉ እማማ ይታይሽ፣ «የኑግ ዘይት ነው እንጂ!»

ሌሎቹም አሸተቱ። አንዷ የቀመሰችውን ከአፏ አወጣች። «የካምፕ ሰው ጾም ምኑ ነው!» ያለች ሴት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቄሱ የያዙትን ሳይቀምሱ ሰፌዱ ላይ መለሱት። እማማ ይታይሽ ግን መሐላቸውን መሐል ላይ አቋረጡ፤ አንዱን ብስኩት አንሥተው አሸተቱና ዝም አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። የእሳቸው ዝምታ ለሁሉም እንደ ማመን ተቆጠረ። ጽዋው ከቤታቸው ወጣ። የተረከበችው እናቴ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም አንድም ትልቅ ነገር አልሆነም። ማንም አልደበደባቸውም፣ ማንም ከሰፈር ውጡ አላላቸውም። የማኅበሩ ተራቸው ተዘለለ፤ ልቅሶ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ንፍሮ ሳይነካ ይመለሳል፤ የሰፈር ልጆች «ይታይሽ ቅቤ!» እያሉ ከአጥር ውጪ ይጮሃሉ። እኔ አልጮህሁም። መጽሐፍ ይዤ ቤት እቀመጣለሁ። ያኔ ዝም ያለ ሰው አልዋሸም ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቀን ጨው ተበደሪ ተብዬ ሌላ ቤት ስላክ ሳላስበው በራቸው ላይ ቆምሁ። «ግቢ» አሉኝ። ምድጃው አመድ ብቻ ነበር፤ ብረት ድስቱ ተደፍቷል። በዚያችው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ሳልጠይቃቸው የድመቷንና የውሻውን ተረት ጀመሩ፤ ያለ ትሪ የነገሩኝ ብቸኛው ተረት እሱ ነው። ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይጣደፉ ነበር የሚያወሩት። ድመቷ አፏን ውሻው ላይ ስትጠርግ ደረሱና ቆም አሉ።

«ዶሮዋም እዚያው ነበረች» አሉ።

በዚያ ተረት ውስጥ ዶሮ ኖራ አታውቅም ነበር።

«ዶሮዋ ሁሉንም አይታለች። እመቤቲቱ ስትገባ ልትናገር ፈለገች፤ ግን አፏ ጥሬ ሞልቶታል። አፌን ብከፍት ጥሬዬ ይፈስብኛል ብላ ዋጠችው፤ ቃሉም ከጥሬው ጋር አብሮ ወረደ። ይኸው እስከ ዛሬ ዶሮ መሬት ስትጭር ብታዪ ጥሬ ፍለጋ እንዳይመስልሽ። የዋጠችውን ቃል እየፈለገች ነው።»

እያዩኝ ነበር። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። ተነሣሁና ሮጥሁ። ጨውም ሳልበደር ቤቴ ገባሁ። ከፋሲካ በኋላ እማማ ይታይሽ ዕቃቸውን አስጭነው ዱርቤቴ ወደምትኖር የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ ሲባል ሰማሁ።

አሁን የምኖረው ቡሬ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ በኅዳር እናቴ ደወለችልኝ። የማኅበሩ ድግስ ተራ ደርሷታል። «እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለች እየሳቀች፣ «ያቺ ሴትዮ ትጋግረው የነበረውን ዓይነት የጾም ብስኩት ጋግረሽ አምጪልኝ። ከእሷ ወዲያ እንደዚያ ያለ አልቀመስን።»

እዚያው ስልኩ ላይ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ሽታውን አላወቅሽውም?»

የዶሮዎቿ ድምፅ ከጓሮ ይሰማኛል።

«አደሱን የወቀጥሁት እኔ» አለች በመጨረሻ፣ «እንዴት ይጠፋኛል? ቅቤ ይላል ካልሁ በኋላ ነው አደሱ የመጣልኝ። ታዲያ ምን ልበል ኖሯል? ልጄ ማኅበሩን ሙሉ ጾም አስገደፈች ልበል? አንቺን ነው ያዳንሁ።» ደግሞም፣ «አንቺስ ብትሆኚ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ለካ ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ እኔ እሷ ትናገራለች ብዬ፣ እሷ ደግሞ ልጄ ትናገራለች ብላ እየፈራን ነው የኖርነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጥቂት ብስኩት ጋግሬ በሚኒባስ ዱርቤቴ ሄድሁ። ሰው ጠይቄ ያገኘሁት የእህታቸው ልጅ ቤት ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። እማማ ይታይሽ ከደጅ ተቀምጠው ጤፍ ይነፋሉ፤ ጠጉራቸው ነጥቷል፣ እጃቸው ግን ያው ነው። ስሜን ስነግራቸው ወንፊቱን አስቀመጡ።

«ይግቡ» አሉኝ። «ይቀመጡ እንጂ።»

«ሙሽራዬ» ይሉኝ የነበሩ ሴት አንቱ አሉኝ። እንደዚያ ያለ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም። የያዝሁትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ አቀረብሁላቸው። ቅርንፉዱ ሸተተ። አላነሡም።

«የጾም ነው» አልኋቸው።

«እኔም የጾም ነው ብዬ ነበር» አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መስታወቷን፣ ሻሹን፣ ጠብታውን። እየሰሙኝ ጤፋቸውን መንፋት ቀጠሉ። ስጨርስ ወንፊቱን መታ መታ አደረጉ።

«አደስ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም» አሉ። «ገና ሳሸተው ነው ያወቅሁ። የልጅ ስም በማኅበር ፊት አንሥቼ አላዋርድም፣ ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳምንት ጠበቅሁ። እስከ ፋሲካ ጠበቅሁ። ከዚያ ዕቃዬን ጫንሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ግን ለእኔ መንገርዎ ምን ይረባል? የሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው የመጡ። ለማያውቁት ቢነግሩ ይሻል ነበር።» ቀና ብለው ፀሐዩን አዩ። «ይልቅ ይነሡ፣ መኪና እንዳያመልጥዎ።» ቆርቆሮውን ከድኜ ይዤው ተመለስሁ።

ዛሬ ዋዜማው ነው። መብራት ስለጠፋ በብረት ድስት፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ እየጋገርሁ ነው። ሱፉን አጥልያለሁ፣ ተልባውን አሳድሬያለሁ፣ ሻሼን ደግሜ ደግሜ አጥብቄ አስሬያለሁ። ሰዓት አለኝ፤ ግን አላየሁትም። ለእያንዳንዱ ትሪ አንድ ተረት ለራሴ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ሁለቱን አሳረርሁ፣ ምክንያቱም እንደ እሳቸው አልፈጥንም።

ነገ ጠዋት ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ትቀበለኛለች፣ ሰፌዱን በኩራት ታዞረዋለች። በሰው ፊት ሲሆን ምናልባት ቃሉ ግማሽ ላይ እንደሚሰበርብኝ አውቃለሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር እንዴት ቀና ብላ እንደምትሄድ አላውቅም፤ እኔንም እንደምታነጋግረኝ እርግጠኛ አይደለሁም። እማማ ይታይሽም ዳግመኛ ሙሽራዬ አይሉኝም። ቢሆንም ጸሎቱ አልቆ ሰፌዱ ሳይዞር፣ ማንም ሳይቀምስ፣ ከበሩ ጀርባ ወጥቼ መሐል እቆማለሁ። «የዚያን ዓመት ቅቤ ከእኔ ራስ የወረደ ነው፤ እያየሁ አሸሁት፤ እማማ ይታይሽ ንጹሕ ናቸው» እላለሁ። ወስኛለሁ።

የመጨረሻው ትሪ እሳት ላይ ነው። ተረቱ ዶሮዋ ጋ ደርሷል።