ብቸኛ ነው ያልሁት ቁጥር

አባቴ ገበሬ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ወንፈል ሲገባ ደንቡ ቀላል ነበር፤ ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የኔን። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪ ስንማር እኔና አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬም የሂሳብ ጥናታችንን በወንፈል ነበር የምንሠራው። አንዱ የደከመበትን ሌላው ይፈትሻል። የሱን ቀድሜ ፈተሽሁ። ዓይኔ እስኪቀላ ግድፈቱን ለቀምሁለት፤ እሱም ጥናቱን አቅርቦ በጭብጨባ አለፈ።

የኔ ጥናት በአንድ ግዙፍ ቁጥር ላይ ነበር፤ ሲጻፍ ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር ይሞላል። ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለት ነው። ብቸኛ ቁጥር የሚለይበትን የታወቀ ፈተና ደጋግሜ ሰጥቼው አልፏል። ግን ፈተናውን እያለፉ ብቸኛ ያልሆኑ፣ አስመሳይ ቁጥሮች አሉ። ስለዚህ በኮምፒውተር አካፋይ መፈለጉ የጓደኛዬ ድርሻ ሆነ። ትምህርት ክፍሉ ከመካከላችን አንድ መምህር ሊያስቀር ነበር፤ እኔም ያን ቦታ አጥብቄ እፈልገው ነበር።

«ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ንጹሕ ነው፤ አይዞህ!» አለኝ።

አመንሁት። ለምን አላምነው? ፋሲካን እንኳ የዋልሁት ሮብ ገበያ ከተማ፣ እናቱ ቤት ነው። እናቱ «ዘንድሮ ሁለት ልጅ አለኝ» እያሉ አጎረሱኝ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ይስቃል።

ጥናቴን ባቀረብሁ ዕለት ከኋላ ተቀምጦ ነበር። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጁን አወጣ። ቀላል ጥያቄ ጠይቆ ሊያግዘኝ ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። እሱ ግን ወደ ሰሌዳው መጥቶ አንድ ቁጥር ጻፈና «ይኸ ያካፍለዋል» አለ።

ጠመኔውን ተቀብዬ ማካፈል ጀመርሁ። መጨረሻው ላይ ደረስሁ፤ ቀሪው ዜሮ ሆነ። ቁጥሩን አልተቀየምሁትም፤ እሱ ብቸኛ ነኝ አላለኝም።

ደጅ ስንወጣ «መቼ ነው ያገኘኸው?» አልሁት።

«ምን ዋሸሁ? እውነቱን ነው የተናገርሁ።»

«መቼ ነው ያልሁህ!»

መሬት መሬት እያየ «ከፋሲካ በፊት» አለ።

እናቱ ሲያጎርሱኝ ያውቅ ነበር። ማታ ማታ ንግግሬን ስለማመድ «ጎሽ» ሲለኝም ያውቅ ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ይኸ ነው። ቦታውንም እሱ ወሰደው።

አገር ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ስለ ቁጥሩ አንድም አልጠየቀኝም።

«የሱን ቀድመህ ሠርተህለት ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኛ ዘንድ ወንፈል በልቶ ለሚከዳ እሳት የሚሰጠው ጎረቤት የለም። እናንተ ዘንድ ምን ያደርጉታል?» አለ።

«መምህር» አልሁት።